በዕረፍት ቀን የሚያርፈው ማን ነው?

ስለ ሰንበት ማጀትና ስለ አንድ ድስት ሾርባ



ስለ ሰንበት አከባበር በተነገረ ቁጥር ቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅዳሴን አለማስታጎል፣ በሰዓቱ መድረስ፣ ተዘጋጅቶ መቍረብ። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቅዳሴው ተፈጽሞ ካህኑ ምእመናንን በሰላም ካሰናበተ በኋላ የሚቀረው ሰዓትም የዚያው የጌታ ቀን ክፍል ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን ከቤተ መቅደስ እስከ ማጀት ሊከተለን ይገባል፤ አንድ ቤተሰብ «ዛሬ የዕረፍት ቀናችን ነው» ሲል በእርግጥ የሚያርፈው ማን ነው?

ጥያቄው ስለ ድስትና ስለ ጭልፋ በመሆኑ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ስለ ፍትሕና ስለ ሰው ክብር በአደባባይ የምንናገረው ሁሉ በመጨረሻ የሚፈተነው በገዛ ቤታችን ነው። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በአንድ ተራ ነገር፣ ማለትም በዕረፍት ቀን በቤት ውስጥ በሚሠራ ቀላል ሾርባ፣ አማካይነት ለመመርመር እንሞክራለን።

የእሑድ ቀትር በሰፈራችን

እሑድ ከቀትር በፊት በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሰው በየበሩ የሚቁላላውን የሽንኩርት ሽታ ያውቀዋል። በጎፋም ሆነ በመካኒሳ፣ በላፍቶም ሆነ በለቡ ነገሩ ያው ነው። በሥራ ቀናት አባት በመሥሪያ ቤቱ አካባቢ፣ ልጆች ከምሳ ዕቃቸው፣ እናትም በምትውልበት ይበላሉ። ቤተሰቡ በአንድ ገበታ የሚሰበሰበው እሑድ ነው። ከዚህም የተነሣ ለቤተሰቡ የዕረፍት ቀን የሆነው እሑድ ለማጀቱ ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ የከበደው ይሆናል።

እንደ ምሳሌ አንድ ቤተሰብ እናስብ። አባት ከቅዳሴ ተመልሶ ሬዲዮውን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ልጆች ይጫወታሉ፤ እንግዳም ይመጣል። እናት ግን ነጠላዋን ሰቅላ በቀጥታ ወደ ማጀት ትገባለች። ከእርሷም በፊት ማንም ሳይነሣ ተነሥታ ሽንኩርት የከተፈች፣ ዶሮ ያጠበች፣ ቡና የቆላች አንዲት ልጅ አለች፤ ከገጠር መጥታ በቤት ሠራተኛነት የተቀጠረች። ምግቡ ሲቀርብ ሁሉም ይደሰታል፤ ምርቃቱም ይወርዳል። የሳህኑ ክምር ግን ወደ ማጀት ይመለሳል፤ ልጅቱም እስኪመሽ ታጥባለች። ማታ ሁሉም «ደኅና ዐረፍን» ይላሉ።

ይህ ቤተሰብ ክፉ ቤተሰብ አይደለም። ማንም ማንንም አልበደለም ብሎ ያምናል። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ዕረፍት አልተፈጠረም፤ ድካም ከአንዱ ትከሻ ተነሥቶ በሌላው ትከሻ ላይ ተጫነ እንጂ። በአማርኛችን «ዐረፈ» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው፤ ከሥራ መቆምንም ሞትንም ይገልጻል። ስንቶች እናቶቻችን ናቸው «ዐረፉ» የተባለላቸው በቀብራቸው ዕለት ብቻ የሆነው?

ትእዛዙ ማንን ይጨምራል?

ስለ ሰንበት የተሰጠውን ትእዛዝ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ ግን የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ እናስታውሳለን። በኦሪት ዘጸአት (20፥8-11) የሚያርፉት በዝርዝር ተቈጥረዋል፤ የቤቱ ጌታ፣ ወንድ ልጁና ሴት ልጁ፣ ወንድና ሴት አገልጋዮቹ፣ ከብቶቹ፣ በደጁ ያለው መጻተኛም ጭምር። ኦሪት ዘዳግም (5፥12-15) ደግሞ ምክንያቱን ይጨምርበታል፤ አገልጋዮቹ ልክ እንደ ጌታቸው ዕረፍት እንዲያገኙ ያዝዛል፤ እስራኤልም ራሱ በግብፅ ባሪያ እንደ ነበረ እንዲያስብ ያሳስበዋል። የባርነትን ድካም ያየ ሰው በቤቱ ሌላ ግብፅን እንዳያቆም ነው።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሚስት በስም አልተጠቀሰችም። ለእርሷ ዕረፍት አልተፈቀደም ማለት ግን አይደለም፤ ትእዛዙ የቤቱን ጌታ ሲያናግር እርሷንም አብሮ ያናግራል። እኛ ግን ይህን ዝምታ እንደ ፈቃድ የቈጠርነው ይመስላል።

የቀደመችውም ቤተ ክርስቲያን ነገሩን ቸል አላለችውም። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በሶርያ ምድር የተጠናቀረው የሐዋርያት ሥርዓት መጽሐፍ ባሮች በሳምንት አምስት ቀን እንዲሠሩ፣ በቀዳሚት ሰንበትና በእሑድ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ትምህርተ ሃይማኖት እንዲማሩ ነጻ ይሁኑ ይላል። ባርነት እንደ ተራ ነገር ይታይ በነበረበት ዘመን እንኳ የአገልጋዩ ሰንበት የአገልጋዩ ነበረ። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ321 እሑድን የዕረፍት ቀን አድርጎ ሲያውጅ ዳኞች፣ የከተማ ነዋሪዎችና የእጅ ባለሙያዎች ሥራቸውን እንዲያቆሙ አዘዘ፤ ለገበሬዎች ግን ዘርና መከር እንዳያልፍባቸው እንዲሠሩ ፈቀደ። የአደባባይ ሥራ በአዋጅ ይቆማል። ማጀትን የሚያሳርፍ አዋጅ ግን ከቤት ውስጥ ካልወጣ ከየትም አይመጣም።

በዘመናችንም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ሁኔታ በጻፉት መልእክት የሰንበትን ዕረፍት ከሠራተኛው መብት ጋር አያይዘውታል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1998 ስለ ጌታ ቀን በሰጡት ሐዋርያዊ መልእክት ይህንኑ አስታውሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም እያንዳንዱ ክርስቲያን ሌላው ሰው የጌታን ቀን እንዳያከብር የሚያደርገውን አላስፈላጊ ጥያቄ ከማቅረብ እንዲቈጠብ ያስተምራል (ቍ. 2187)። አላስፈላጊ ጥያቄ የሚለውን ስንሰማ ሱቅና ፋብሪካ ይታወሰናል፤ ነገር ግን በእሑድ ቀትር «ሁለተኛ ወጥ የለም እንዴ?» የሚለውም ጥያቄ ነው።

የሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሰባት ቀናት ውስጥ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቈራረጠ ዕረፍት እንዲያገኝ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠሩትን፣ የቤት ሠራተኞቻችንን ማለት ነው፣ ከሚያስተዳድራቸው ግንኙነቶች ውጭ አድርጓቸዋል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 በጄኔቭ ያጸደቀው ስለ ቤት ሠራተኞች የሚናገረው 189ኛው ስምምነት ለእነርሱም ይህንኑ የ24 ሰዓት ሳምንታዊ ዕረፍት ይጠይቃል። የሕጉን መንገድ የሕግ ሰዎች ይከተሉት፤ ለክርስቲያን ቤት ግን የሲና ሕግ ከበቂ በላይ ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

በዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞዎቹም ሚዛን ያላቸው ስለ ሆኑ ልንመልስላቸው ይገባል።

የመጀመሪያው «ሰው መብላት አለበት፤ ምግብ መሥራት በሰንበት አልተከለከለም» የሚል ነው። እውነት ነው። ደቀ መዛሙርት በተራቡ ጊዜ በሰንበት እሸት ቀጥፈው በሉ፤ ጌታም ተከላከለላቸው (ማቴ. 12፥1-8)። ሆኖም የተከላከለላቸው ተርበው ስለ ቀጠፉ ነው፤ አንዱን አስቀምጠው ሌላውን እንዲቀጥፍ አላሰማሩም። ጥያቄያችን ምግብ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚል አይደለም፤ ምን ያህል ይሠራ፣ ማንስ ይሥራው የሚል ነው። በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል በሰንበት እሳት ስለማያነድዱ የሰንበቱን ምግብ ዓርብ አዘጋጅተው ያድሩ ነበር። እኛ እንደዚያ አልታዘዝንም፤ ነገር ግን ሰንበት የሚጀምረው ከዋዜማው ዝግጅት መሆኑን ከእነርሱ ልንማር እንችላለን። በምድረ በዳም መናው በስድስተኛው ቀን እጥፍ ሆኖ ይወርድ የነበረው ሰባተኛው ቀን ለሁሉም ባዶ እጅ እንዲሆን ነው (ዘጸ. 16፥22-30)።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባህላችን የሚመነጭ ስለ ሆነ ከሁሉ ይከብዳል፤ «ቀላል ምግብ ለዕለቱም ለእንግዳውም ንቀት ነው» ይላል። በእኛ ዘንድ ፍቅር በድካም ይለካል። ዶሮ ወጥ ክብሩ ከጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ ዶሮዋ በ12 ብልት ተለይታ፣ ደጋግማ ታጥባ፣ ሽንኩርቱ ለሰዓታት በእሳት ላይ ተጠብቆ ስለሚሠራ ነው። የሚበላው ሰው የተደከመለት መሆኑን ያውቃል። ታዲያ በግማሽ ሰዓት የሚደርስ ሾርባ ማቅረብ ፍቅርን ማሳነስ አይሆንምን?

ለዚህ መልስ የሚሆነን የራሳችን አባባል ነው፤ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ አበው። እንግዳ ከሚቀርብለት ምግብ ይልቅ የአስተናጋጁ ፊት ይበልጥበታል። ከጭስና ከድካም የተነሣ ፊቷን ለማሳየት እንኳ ጊዜ ያጣችው አስተናጋጅ ከሁለቱ የሚሻለውን ለእንግዳዋ ነፍጋዋለች፤ የነፈገችውም በራሷ ክፋት ሳይሆን እኛ ሁላችን በጣልንባት ልማድ ነው። ማርታ በማርያም ላይ ባጕረመረመች ጊዜ (ሉቃ. 10፥38-42) ጌታችን የማርታን ሥራ አልናቀም። የገሠጸው ብዙውን ነገር ነው፤ ጭንቀቷን። አንድ ድስት ለሚበቃበት ቤት አምስት ድስት መጣድ የማርታ ሕመም ነው። በፋሲካና በገና ዶሮው ይሠራ፤ በዓል ድካሙን የሚሸከም ደስታ አለው፤ ያኔም ቢሆን እጅ ይብዛበት። በዓመት 52 እሑዶችን ሁሉ ፋሲካ ለማድረግ መሞከር ግን አንዲቱን ሴት ዓመቱን ሙሉ በሕማማት ማስቀረት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «እርሷ እኮ ምግብ መሥራት ያስደስታታል» የሚል ነው። ሊሆን ይችላል። ምግብ መሥራት ከሰው ልጅ ደስታዎች አንዱ ነው። ታዲያ ተመሳሳይ ሥራ አንዴ ዕረፍት አንዴ ድካም የሚሆነው በምንድን ነው? ልዩነቱ በእጅ እንቅስቃሴ ውስጥ የለም። ልዩነቱ በነጻነት ውስጥ ነው፤ «ዛሬ ብተወውስ?» ብላ መጠየቅ የምትችል ሴት ሥራዋ ዕረፍቷ ሊሆን ይችላል። ብትተወው ፊት የሚጠቍርባት፣ የሚነቀፍባት ወይም ደመወዟ የሚጓደልባት ከሆነ ግን ፈገግ ብላ ብትሠራውም ሥራዋ ሥራ ነው። ደስ ይላት እንደ ሆነ ለማወቅም አንድ መንገድ አለ፤ ሌላ ሰው ተነሥቶ ማማሰያውን ይቀበላት፤ ከዚያ በኋላ የምታደርገውን እንይ።

ሾርባው

እነሆ ወደ ሾርባው ደረስን። በከተማችን ሾርባ ብዙ አባት አለው። ስሙ ከዐረብኛው ጋር አንድ ነው፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በረመዳን ጾማቸውን ሲፈቱ ይጠጡታል፤ የጣልያኑ ሚኔስትሮኒም በምግብ ቤቶቻችን የታወቀ ነው። በብዙ ቤቶች ግን ሾርባ የታማሚ ምግብ ተደርጎ ስለሚቈጠር «ምነው፣ ታምሜያለሁ እንዴ?» የሚል አባወራ አይጠፋም። አልታመመም፤ ግን ይህን ሾርባ ራሱ ቢሠራው የሚድንለት አንድ ልማድ አለ።

ሽንኩርቱና ካሮቱ ቅዳሜ ይገዛ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ የነበረው የአትክልት ጅምላ ገበያ በ2013 ዓ.ም. ወደ ክፍለ ከተማችን፣ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ሰፈር መምጣቱ ይታወሳል። ያን ጊዜ ገበያውን በቅርብ ያየ ሰው አንድ ራስ ሽንኩርት ማጀታችን ከመድረሱ በፊት በስንት ጫኝና አውራጅ ትከሻ፣ በስንት የጉልት ነጋዴ እጅ እንደሚያልፍ ያስተውላል። ከእነርሱ ብዙዎች እሑድን የሚሠሩት ስለ ወደዱ ሳይሆን ስለ ቸገራቸው ነው። እነርሱን ለመንቀፍ መብት የለንም፤ የእኛ ድርሻ በዋዜማው አስበን ገዝተን ቢያንስ በእኛ ምክንያት የሚጨመረውን ድካም መቀነስ ነው።

ለስድስት ሰው ሁለት ብርጭቆ ምስር ክክ፣ አንድ ትልቅ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ካሮት፣ ሁለት ድንችና ሁለት ቲማቲም ይበቃል። ሽንኩርቱ ተከትፎ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለጥቂት ደቂቃ ይለስልስ፤ እንደ ወጥ እስኪቀላ መጠበቅ አያስፈልግም። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ይከተሉ። ከዚያ የታጠበው ምስር፣ በእኩል መጠን የተቈራረጡት ካሮትና ድንች፣ አሥር ብርጭቆ ያህል ውሃም ይጨመሩና እሳቱ ይቀነስ። የድስቱ ክዳን ጥቂት ገለጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ምስር ይገነፍላልና። ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ምስሩ ይፈርሳል፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይገባበታል፤ የፈለገ ቃሪያ ይጨምር፤ ሎሚ ይጭመቅበት። በዳቦ ይበላል። በጾም ወራትም የሚስማማ ነው።

ምስሩ ክክ እንዲሆን የምንመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ሽምብራና ባቄላ ከቈላ ይልቅ በእኛ ዘንድ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ። ተከክቶ የተገፈፈው ምስር ግን ሳይዘፈዘፍም ቶሎ ይበስላል፤ ምግብ ሠርቶ ለማያውቅ እጅም ይቅርታ ያደርጋል። ካሮቱ ቢወፍር፣ ውሃው ቢበዛ ሾርባው አይበላሽም።

የዚህ ሾርባ ጥቅም ይህ ነው። ዶሮ ወጥ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ስለዚህም ባለሙያዋን ከማጀት አያስወጣትም። ሾርባ ግን ባለሙያ አይፈልግም፤ ስለዚህ ሌላው ሰው ሊገባበት ይችላል። የ12 ዓመት ልጅ ካሮት ይልጣል፤ አባት ሽንኩርት ይከትፋል፤ ዓይኑም ሲያለቅስ ያለፉት ዓመታት የእሑድ ምሳዎች ምን ያህል እንባ እንደ ፈጁ ይገባዋል። ድስቱ ከተጣደ በኋላም ሥራው የእሳቱ ነው፤ ሰዎቹ ሊቀመጡና ሊጨዋወቱ ይችላሉ።

ቅለት ለማን?

ነገር ግን ልንጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ወጥመድ አለ። አባት ሾርባ ይሠራና ማጀቱን እንደ ጦር ሜዳ ጥሎት ይወጣል፤ ልጣጩ መሬት ላይ፣ ምድጃው የምስር አረፋ ገንፍሎበት። ይህ ሾርባ ለሠሪው ቀላል ነበረ፤ ለቤቱ ግን ቀላል አልነበረም። አንድን ነገር «ቀላል ነው» ከማለታችን በፊት ክብደቱ የት እንደ ሄደ መጠየቅ አለብን። ብዙውን ጊዜ ክብደቱ አልጠፋም፤ ከዓይናችን ዞር ወዳለ ሰው ሄዷል እንጂ። ስለዚህ የሰንበት ሾርባ የሚያልቀው የመጨረሻው ሳህን ታጥቦ ሲደፋ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ውለታ ማስቈጠር ነው። ያዕቆብ የምስር ወጥ ሠርቶ ለደከመው ወንድሙ ሰጠው፤ ግን በነጻ አልሰጠውም፤ ብኵርናውን ገዛበት (ዘፍ. 25፥29-34)። አንድ እሑድ ሾርባ ሠርቶ ወሩን ሙሉ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው፣ ወይም ለቤት ሠራተኛዋ ግማሽ ቀን ዕረፍት ሰጥቶ በሌላ ቀን ሌሊት የሚያስከፍላት አሠሪ፣ ያን የያዕቆብን ድስት ነው የጣደው። ለሌላው የሚገባውን ዕረፍት መመለስ ስጦታ አይደለም፤ ዕዳን መክፈል ነው።

ከዚህ ወጥመድ የሚያወጣን ተራ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ቤነዲክቶስ ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓት (ምዕራፍ 35) ወንድሞች ሁሉ በየሳምንቱ ተራ እየገቡ በማድ ቤት እርስ በርሳቸው እንዲያገለግሉ አዘዘ፤ በሕመም ወይም በሌላ አስፈላጊ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ማንም ከዚህ እንዳይቀር አደረገ። ተራውን የፈጸመው ወንድም ማድ ቤቱን አጽድቶ፣ ዕቃውን ንጹሕ አድርጎ ለመጋቢው ያስረክባል፤ መጋቢውም ለተረኛው ይሰጠዋል። ለዚህ ሩቅ መሄድም አያስፈልገን፤ በሀገራችን የሰንበቴና የማኅበር ደንብ ተራ ያለበት ደንብ ነው፤ ሁልጊዜ የሚደግስ አንድ ቤት፣ ሁልጊዜ የሚበላ ሌላ ቤት የለበትም። በማኅበራችን ያወቅነውን ፍትሕ በጓዳችን ውስጥ ለምን እንረሳዋለን?

ስለ ቤት ሠራተኛዋ

የቤት ሠራተኛ ላለችበት ቤት አንድ ተጨማሪ ነገር መባል አለበት። ብዙ ጊዜ «እርሷ እንደ ልጃችን ናት» እንላለን። መልካም ነው፤ እንግዲያውስ በዝርዝሩ ውስጥ እንደ ልጅም እንደ አገልጋይም ሁለት ጊዜ ተቈጥራለችና ዕረፍቷ እጥፍ ይጠበቅላት።

ዕረፍቷ ደግሞ የራሷ ይሁን። ቤት ውስጥ ተቀምጣ በተጠራች ቍጥር «አቤት እትዬ» የምትል ልጅ አላረፈችም። በዕረፍት ቀኗ ዘመዶቿን ልትጠይቅ፣ ትምህርቷን ልታጠና፣ ዝም ብላ ልትተኛም ትችላለች። እምነቷ ከእኛ የተለየ ቢሆን የምታከብረው ቀንም ሊለይ ይችላል፤ ኦርቶዶክሳዊት ብትሆን በዓላቷ፣ ሙስሊም ብትሆን የዓርብ ሶላቷ አለ። የእኛን ሰንበት እናክብር ብለን የእርሷን አንውሰድባት። ከቤት ለመውጣት ያልፈለገች እንደ ሆነ ደግሞ ሾርባው ሲቀርብ ከእኛ ጋር በገበታው ትቀመጥ። በመጀመሪያው እሑድ ታፍር ይሆናል፤ «እኔ ኋላ እበላለሁ፣ ጋሼ» ትላለች። አናስገድዳት፤ ወንበሯ ግን በሚቀጥለው እሑድም ይጠብቃት። ለእርሷ የምንቀዳው ከዚያው ድስት፣ በዚያው ዓይነት ሳህን ይሁን።

ድስቱ ውስጥ የተረፈ ቢኖርስ? በትንቢተ ዳንኤል (14፥33-39) ነቢዩ ዕንባቆም ለአጫጆች ወጥ ሠርቶ ወደ እርሻ ሲሄድ የእግዚአብሔር መልአክ በአንበሶች ጕድጓድ ለነበረው ለዳንኤል እንዲያደርስ እንዳዘዘው እናነባለን። ከቅዳሴ የቀሩ ሕሙማን፣ ልጆቻቸው ባሕር ማዶ የሄዱባቸው አዛውንት በየደረጃችን አሉ። ወደ እኛ ገበታ መምጣት የማይችል ሰው ካለ ገበታው ወደ እርሱ ይሂድ። ለዚህም ሾርባ ይመቻል፤ በአንድ ሰሐን ክዳን ተሸፍኖ ልጅ ያደርሰዋል።

ትምህርተ ክርስቶስ ለምታስተምሩ

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሦስተኛውን ትእዛዝ ስታስተምሩ ልጆቹን ሦስት ነገር ጠይቋቸው። ባለፈው እሑድ በቤታችሁ መጨረሻ የተቀመጠው ማን ነበር? እርሱ ወይም እርሷ እንዲያርፉ እናንተ ልትሠሩት የምትችሉት ሥራ ምንድን ነው? ያን ሥራ ሳትታዘዙ ለመሥራት የምትጀምሩት መቼ ነው? መልሱን በደብተር ሳይሆን በሚቀጥለው እሑድ በቤታቸው ይስጡ። ወንዶቹ ልጆች ሲስቁ ታያላችሁ፤ ይሳቁ፤ ሽንኩርት መክተፍ ግን ይማሩ።

እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ያረፈው ደክሞት አይደለም፤ የሠራውን መልካም ነገር አይቶ ደስ ሊሰኝበት ነው። የእኛም ዕረፍት የተሟላ የሚሆነው ቀና ብለን ስናይ በገበታው ዙሪያ የጎደለ ፊት ሳይኖር ሲቀር ነው። ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ምስሩን አጥበን ከመጣዳችን በፊት በመጀመሪያ ወንበሮቹን እንቍጠር።